የደከመ ሞተርና የቤተሰብ ምክር

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳ አያያዝና ስለ ቤት ወጪ ብዙ ቁም ነገር ተጽፎ አንብበናል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ነገር ላይ ላዩን ሲመለከቱት የጋራዥ ወሬ ይመስላል። ነገር ግን ጕዳዩ የተቈረጠው በጋራዥ ሳይሆን በቤታችን ማዕድ ዙሪያ ስለ ሆነ፥ በዚህ ገጽ ቢወጣ ስፍራውን ስቷል የሚለኝ አንባቢ አይኖርም ብዬ አስባለሁ።

በ1999 ዓ.ም. ጣራዋ የሚታጠፍ፥ ከፊት ሁለት ሰው፥ ከኋላ ግን ሕፃን ብቻ የምትይዝ አንዲት ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ከሁለተኛ ባለቤቷ እጅ ገዛሁ። ይህች ዓይነት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. በቶሪኖ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ነው። አካሏን ያወጣው የፒኒንፋሪና ቤት ሲሆን፥ ሞተሯን የነደፈው ደግሞ አውሬልዮ ላምፕሬዲ የተባለው መሐንዲስ ነው፤ ይኸውም ወደ ፊያት ከመምጣቱ አስቀድሞ በፌራሪ ቤት የውድድር ሞተሮችን ሲሠራ የነበረ ሰው ነው። የእኔዪቱ በ1968 የተሠራች፥ ሞተሯም 1438 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ፥ 90 የፈረስ ጕልበት ያለው ነው። ከዚሁ ሞተር ዘር የተወለዱት ሞተሮች በኋላ ዘመን የላንቺያ ዴልታን መኪናዎች ከ1987 እስከ 1992 ድረስ ስድስት ዓመት በተከታታይ በዓለም ራሊ ውድድር ለፋብሪካዎች የሚሰጠውን የሻምፒዮንነት ማዕርግ አስገኝተውላቸዋል። ይህን ሁሉ መዘርዘሬ፥ ሰው የወደደውን ነገር የትውልድ ሐረግ ሳይቈጥር ስለማያርፍ ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

መኪናዪቱን ስገዛ ባለቤቴን አማከርኋት ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ነገርኋት እንጂ አላማከርኋትም።

ዘይት መጠጣት የጀመረችው ቀስ በቀስ ነው። በፊት በፊት 2000 ኪሎ ሜትር ተነድታ አንድ ሊትር ዘይት ቢጨመርላት ይበቃት ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ግን 400 ኪሎ ሜትር ሳትሄድ አንዱን ሊትር ትጨርስ ጀመር። የእንጦጦን አቀበት ስትወጣ ከማርሚታዋ የሚወጣው ሰማያዊ ጢስ ከኋላ ያለውን መንገድ ይጋርደው ስለ ነበረ፥ የሰፈራችን ልጆች «ዕጣን አጫሿ» የሚል ስም አወጡላት። እኔ ግን ነገሩን ከቤቴ ሸሸግሁ። ዘይቱን ከአንድ ማደያ ብቻ ብገዛ ይታወቅብኛል ብዬ በሦስት ማደያዎች እየተዘዋወርሁ እገዛ ነበር፤ ባዶውንም ጣሳ ከጤፍ ጆንያ ኋላ እደብቀው ነበር። ስድሳ ዓመት የሞላኝ፥ በጡረታ የተገለልሁ የመንግሥት ሠራተኛ ስሆን፥ ሲጋራ ከወላጆቹ እንደሚደብቅ ተማሪ ሆንሁ።

በ2014 ዓ.ም. ለፋሲካ ጓዳው ሲጸዳ ባለቤቴ አሥራ አንድ ባዶ ጣሳ አገኘች። አልተቈጣችም። በማግስቱ ለቍርስ ስንቀርብ ጣሳዎቹ በሚገባ ታጥበው በመስኮቱ ደፍ ላይ በሰልፍ ቆመው አየኋቸው። «እንግዶችህ ናቸው» አለችኝና ሻዬን ቀዳችልኝ።

ነገሩን ከባድ ያደረገው ገንዘቡ ነው። በዚያን ጊዜ የቤታችንን ጣራ ለመለወጥ 180,000 ብር አጠራቅመን ነበር። ቈርቈሮው ከማርጀቱ የተነሣ በየክረምቱ ሴት ልጃችን በምትተኛበት ክፍል ሦስት ሳፋ ደርድረን ነበር የምናሳልፈው፤ እርስዋም በሌሊት እየተነሣች የሞላውን ታፈስስ ነበር። በመኪናዪቱ ላይ የሚወጣ ብር ሁሉ ከዚያ ጣራ ላይ የሚነሣ እንደ ሆነ በቤታችን ያላወቀ አልነበረም፤ እኔም አውቃለሁ።

በመጀመሪያ የሄድሁበት ጋራዥ ባለሙያው ወጣት ነበረ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በስፍራቸው የግፊት መለኪያ እያስገባ ሞተሩን በባትሪ ኃይል አዞረው። በዚህም ሥራ እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጨምቅ ይታወቃል። አንደኛውና ሁለተኛው 8 ተኩል፥ ሦስተኛው 6፥ አራተኛው 8 አሳዩ። «የጤነኛ ሞተር ልክ 12 ነው፤ ይህ ሞተር አብቅቶለታል» አለኝና ሁለት መንገድ አቀረበልኝ። አንደኛው ሞተሩን አውጥቶ ከሶማሌ ተራ በተገዛ የቶዮታ ሞተር መተካት ሲሆን፥ ዋጋው ከነሥራው 150,000 ብር ነው። ሁለተኛው ሲሊንደሮቹን ሁሉ በቶርኖ ቤት አስፍቶ፥ አራት አዲስ ፒስተን አስገብቶ፥ ዋናውን የሞተር ዘንግ አስሞርዶ እንደ አዲስ መሥራት ሲሆን፥ ዋጋው 240,000 ብር ነው።

ወንድ ልጃችን የምህንድስና ተማሪ ነው፤ የቶዮታውን መንገድ ደገፈ። ምክንያቱም የሚናቅ አልነበረም። መለዋወጫው በየመንደሩ ይገኛል፥ ማናቸውም ባለሙያ ያውቀዋል፥ ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል። እኔ ግን አካሏ የሚቈረጥበትን ስፍራ አስቤ አዘንሁ፤ ሌላ ሞተር ሲገባ የሞተሩ ማረፊያ መለወጡ፥ ካምቢዮው አለመግጠሙ፥ የኃይል ማስተላለፊያው ዘንግ ማጠሩ ወይም መርዘሙ አይቀርም። በሊብሬው ላይ የተመዘገበው የሞተር ቍጥርም ስለሚለወጥ የምዝገባ ጣጣ ይከተላል። እውነቱን ለመናገር ግን እነዚህ ሰበቦች ናቸው። ልቤ ያረፈው በ240,000ው ላይ ነበረ። ሌሊት ተኝቼ አዲሶቹን ፒስተኖች በሐሳቤ እደረድር ነበር፤ ከወዲያ ክፍል ደግሞ ውሃው በሳፋው ላይ ጠብ ጠብ ሲል እሰማለሁ።

ባለቤቴ የሁለቱን መንገዶች ዋጋ በወጪ ደብተርዋ ጻፈችና ጥቂት ዝም ብላ ቆየች። «አንድ ሐኪም ሞቷል ስላለ ብቻ ከፈን አይገዛም፤ ሁለተኛ ሐኪም አሳየው» አለች። እኔም በተክለ ሃይማኖት ሰፈር በጣሊያኖች ጋራዥ ሙያውን የተማሩ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ሰምቼ ስለ ነበር መኪናዪቱን ወደ እርሳቸው ነዳሁ።

ሽማግሌው ኮፈኑን ከፍተው ለብዙ ጊዜ ምንም ነገር አልነኩም። በኋላ ግን በጣታቸው ወደ ካርቡራቶሩ አፍ እያመለከቱ «ጌታዬ፥ የአየር ማጣሪያውን የት አደረሱት?» አሉኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናዘዝ አለብኝ። ማጣሪያው ከነሣጥኑ በቤቴ መጋዘን ይገኝ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቴም ሞተሩ አየር ሲስብ የሚያሰማው ድምፅ ያለ ማጣሪያ እጅግ የሚያምር መሆኑ ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የአዲስ አበባን የበጋ አቧራ ሞተሩ እንዲሁ ሲውጠው ኖሯል። አቧራው ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ሆኖ ሲሊንደሩንና ፋሻዎቹን ይበላል። ለማያውቅ አንባቢ፥ ፋሻ የምንለው በፒስተኑ ወገብ ዙሪያ የሚታሰር ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። በእያንዳንዱ ፒስተን ላይ ሦስት ሦስት አሉ፤ ሁለቱ የላይኞቹ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ይይዛሉ፥ ሦስተኛው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ትርፉን ዘይት ይጠርጋል። እነዚህ ሲያልቁ ጋዙ ወደ ታች፥ ዘይቱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሰማያዊው ጢስም ይኸው ነው።

«ጋሼ፥ ግፊቱ 12 ሊሆን ሲገባው 8 ሆኗል፤ ሞተሩ አብቅቶለታል ተብያለሁ» አልኋቸው። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «12 የሚለው መጽሐፍ የተጻፈው በቶሪኖ ነው። ቶሪኖ ከባሕር ወለል በላይ 240 ሜትር ያህል ነው፤ እኛ ከ2300 በላይ ነን። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ያልገባ አየር ደግሞ አይጨመቅም።» እውነትም የ12 ሦስት አራተኛ 9 ነው። በዚህ ሒሳብ 8 ተኩል ያሳዩት ሁለቱ ሲሊንደሮች ሊወቀሱ የሚገባቸው አልነበሩም፤ አራተኛውም ከእነርሱ እምብዛም አልራቀም። የታመመው ሦስተኛው ብቻ ነው።

ቀጥለውም በሦስተኛው ካንዴላ ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሚያህል የሞተር ዘይት አፍስሰው እንደ ገና ለኩት፤ ከ6 ወደ 8 ወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዙ የሚያመልጠው በቫልቮላው በኩል ቢሆን ኖሮ የፈሰሰው ዘይት አንዳች አይረዳም ነበር። ዘይቱ በፋሻዎቹ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ደፍኖ ግፊቱን ከፍ ካደረገው ግን በሽታው ከፋሻው ወይም ከሲሊንደሩ መሆኑ ይታወቃል። አንድ ማንኪያ ዘይት የ240,000 ብር ጥያቄ ሲመልስ በዓይኔ አየሁ።

ሽማግሌው ሌላም ነገር ጨመሩልኝ። ካርቡራቶሩ ለባሕር ዳር አየር የተስተካከለ ስለ ሆነ፥ በእኛ ስስ አየር ቤንዚኑ ከልኩ በላይ ይበዛል፤ ትርፉ ቤንዚን ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ ከዘይቱ ያጥበዋል፥ ግድግዳውም ሳይቀባ ይፋተጋል። የቤንዚኑ ማሳለፊያ ቀዳዳ በጠባብ ካልተለወጠና ማጣሪያው ወደ ስፍራው ካልተመለሰ ሞተሩን አልነካም ብለው በግልጽ ነገሩኝ።

በዚያች ማታ ለባለቤቴ ስለ ማጣሪያው ነገርኋት። ስለ ዘይቱ ጣሳ ከመናዘዝ ይልቅ ይህ ከበደኝ፤ ጣሳው የገንዘብ ነገር ሲሆን፥ ይህ ግን ወደድሁ ያልሁትን ነገር በገዛ እጄ መጕዳቴ ነበርና። እርስዋ ግን «ለድምፁ ብለህ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አዎን፥ ለድምፁ አልኋት።

ሞተሩ ወርዶ ቴስታታው ሲነሣ የሦስተኛው ፒስተን የላይኛው ፋሻ ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀጭን ጭረት ነበረ፤ ሽማግሌው በጥፍራቸው ዳሰሱት፥ ጥፍሩ ግን አልያዘም። ከዚያም በቶርኖ ቤት ሲሊንደሮቹ ተለኩ። ከፋብሪካ ሲወጡ ስፋታቸው 80 ሚሊ ሜትር ነው። አንደኛው፥ ሁለተኛውና አራተኛው ከላይ በኩል በአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ሲቈጠር ከ6 እስከ 8 መቶኛ ተበልተዋል፤ ሦስተኛው 11 መቶኛ። ሽማግሌው የሚሠሩበት ወሰን 15 መቶኛ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አዲስ ፋሻ ብቻውን ክፍተቱን ሊዘጋው ስለማይችል ማስፋት ግድ ይሆናል። እኛ ከወሰኑ ወዲህ ነበርን፥ ነገር ግን ብዙ አልራቅንም።

እንግዲህ እውነተኛው ምርጫ የመጣው አሁን ነው። ግድግዳውን ጥቂት አጫጭሮ ዘይት እንዲይዝ ካደረጉ በኋላ አዲስ ፋሻ፥ አዲስ የቢዬላ ማረፊያዎች፥ አዲስ የቫልቮላ ዘይት መከላከያ ጐማና አዲስ ጥርሳም ቺንጋ ማስገባት ይቻላል፤ ይህ 78,000 ብር ይበቃዋል። ወይም ሞተሩ ከነተከፈተ ሁሉንም አስፍቶ አዲስ ፒስተን ማስገባት ይቻላል። ጋራዥ የገባ ሰው ሁሉ የሚፈተንበት ቃል «ከተከፈተ አይቀር» የሚለው ነው፤ እኔም ይህንኑ ቃል ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

እራት ከተበላ በኋላ ሁላችንም ተቀመጥን። ባለቤቴ ደብተርዋን አወጣችና ጠየቀችኝ። «በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳታለህ?» ሁለት ሺሕ ቢሆን ነው አልኋት። «በአዲስ ፋሻ ብቻ የተሠራው ስንት ይሄዳል ይላሉ?» ማጣሪያው ካለ 40,000 ይሄዳል ብለውኛል አልሁ። አካፈለች። «ሃያ ዓመት» አለች፤ ቀጥላም እርሳስዋን እንደ ያዘች ቀና ብላ አየችኝና «ያን ጊዜ አንተ ስንት ዓመት ይሆንሃል?» አለችኝ። ሰማንያ አንድ። ሴት ልጃችን ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ እኔም ጥቂት ከተኰሳተርሁ በኋላ ሳቅሁ።

ልጄ ደግሞ ሌላ ነገር አነሣ፤ እኔ ያላሰብሁት ነው። ለዚህ ሞተር የተዘጋጁት ትልልቅ ፒስተኖች ልካቸው ከዋናው 2 ዐሥረኛ፥ 4 ዐሥረኛና 6 ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ነው። ብረት አንድ ጊዜ ከተላጠ አይመለስም፤ ስለዚህ አንድ ማስፋት ከሞተሩ ዕድሜ ላይ አንድ ደረጃ ይቀንሳል። «ሳያስፈልግ ለምን እንቀንስበታለን? ለኔ ጊዜ ይቀመጥልኝ» አለ። የቶዮታውን ሐሳብ መተዉን በዚህ አወቅሁ፤ መኪናዪቱ የእርሱም እንደምትሆን ሲያስብ የሰማሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

በዚህ ተቈረጠ። ከ180,000 ብር ላይ 78,000ው ለሞተሩ ወጣ፤ በቀረው 102,000 ብር የሴት ልጃችን ክፍልና የማድ ቤቱ ጣራ ተለወጠ። የሳሎኑ ጣራ ሳይለወጥ ሌላ ክረምት አሳለፈ፤ አንዱ ሳፋም ከልጃችን ክፍል ወደ ሳሎን ተዛወረ። ይህን ማንም እንዳይሸሽግ በደብተሩ በቀይ እርሳስ ተጽፏል።

ፋሻዎቹንና ጓርኒሲዮኖቹን በሚላኖ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ለዘመን መለወጫ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልን መጣች፤ የዚህ ሞተር መለዋወጫ በኢጣልያ አሁንም ይገኛል። ሽማግሌው እያንዳንዱን ፋሻ ለብቻው በሲሊንደሩ ውስጥ እያስገቡ በጫፎቹ መካከል የሚቀረውን ክፍተት በቀጭን መለኪያ ለኩ። የላይኛው ፋሻ ክፍተት ከ30 እስከ 45 መቶኛ ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከዚያ ቢጠብብ በሙቀት ሲለጠጥ ጫፎቹ ተጋጥመው ይሰበራል። ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ጠቦ ተገኘና በጥሩ ሞረድ ቀስ እያሉ አስተካከሉት። ይህን ሲሠሩ ልጄ አጠገባቸው ቆሞ መብራት ይዞላቸው ነበር። እኔ ወንበር ተሰጥቶኝ ተቀመጥሁ፤ የማልረዳ መሆኔን ሁለቱም ያውቁ ነበርና።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሞተሩ ተነሣ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጢሱ ሲወጣ አይቼ ልቤ ደነገጠ፤ ሽማግሌው ግን ሲገጥሙ የቀቡት ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ነገሩኝ፥ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ጠራ። ማጣሪያው በስፍራው ነው፤ ድምፁም እንደ ቀድሞው አይደለም፥ ታፍኗል። ስለዚህ አላዘንሁም ብል እዋሻለሁ።

500 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ድረስ ከ3000 ዙር በላይ እንዳላዞረው፥ በአንድ ፍጥነትም ረጅም መንገድ እንዳልነዳ ታዘዝሁ፤ ከዚያም የመጀመሪያው ዘይት ተደፍቶ በአዲስ ተተካ። ባለቤቴም በዚያ ሰሞን ቢሾፍቱ ድረስ አብራኝ ሄደች። ከመነሣታችን በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ራስዋ መዝዛ በጨርቅ ጠርጋ አየች፤ ስንመለስም እንዲሁ አደረገችና በደብተርዋ ከሽንኵርትና ከበርበሬ ዋጋ በታች «ዘይት፥ አልጐደለም» ብላ ጻፈች። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልቀረም። አሁን አንድ ሊትር የምጨምረው 3000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳች በኋላ ነው፤ ዘይቱንም የምገዛው ከአንድ ማደያ ነው።

አሥራ አንዱ ጣሳ አልተጣለም። አፈር ተሞልቶበት ጤና አዳም ተተክሎበት አሁንም በመስኮቱ ደፍ ላይ ነው። ከግራ በኩል ሦስተኛው እስካሁን አልበቀለም። ባለቤቴ ውሃ ስታጠጣ «ሦስተኛው ሲሊንደር» ትለዋለች።